ጥላ የማትወድ ሚኒባስ

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ፣ ወገቡ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እምቢ ሲለው ሥራውን አቆመ። ሚኒባሷን ግን አልሸጣትም። ግቢው ውስጥ አስገባትና አንድ ጠዋት ወንበሮቿን እየፈታ ያወጣ ጀመር።

መቼም የሰፈር ዓይን እረፍት የለውም። ልብስ በማስጣት ሰበብ፣ ዶሮ በመፈለግ ሰበብ፣ ሁሉም በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። መጀመሪያ ወንበሮቹ ወጡ። ቀጥሎ አልጋ ገባ። ቀጥሎ ቁም ሳጥን ገባ፣ ትንሽዬ ፍሪጅ ገባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፤ መጋረጃው ደግሞ አበባ ያለበት!

"ጋሽ ላቀው፣ እትዬ ስንዱ ከቤት አባረሩዎት እንዴ?" አለች አንዷ ጎረቤት ከአጥሩ ወዲያ።

"እሷማ አብራኝ ነው የምትገባው" አለ ሹፌሩ፣ ከያዘው ብሎን ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

"እንግዲያው ኮንዶሚኒየም ደረሰዎት በሉኛ!"

ሰፈሩ ሳቀ። ሳቁ የባሰው ደግሞ ሹፌሩ መሰላል አቁሞ ጣራዋ ላይ ሲወጣ ነው። ሶላር የሚሏቸውን በር በር የሚያካክሉ ጥቋቁር ሰሌዳዎች ገዝቶ አመጣና በገዛ እጁ ሊገጥማቸው ተነሣ። መብራት ግቢው ድረስ ገብቶለት፣ እሱ ከፀሐይ መብራት ሊለቅም! "ጡረታ ሰውን እንዲህ ያደርጋል" እያለ ያላዘነለት የለም። ለምን እንደሚሠራው ግን ማንም አልጠየቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ስንዱ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋለች። መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም፣ ፍሪጅ ይፈልጋል። እናቷ ደግሞ ረጅም መንገድ አይችሉም፤ የሚኖሩትም ቆላ ነው፤ መብራት ያልገባበት፣ ድንጋዩ እግር የሚለበልብበት አገር። ከዓመታት በፊት መድኃኒቱን በበረዶ ጠቅልላ ልትጠይቃቸው ሄዳ ነበር። በረዶው መንገድ ላይ ቀለጠ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ፣ እሷም ራሷን ስታ በሰው ትከሻ ተመለሰች። ሐኪሙም "ሁለተኛ እንዳትሞክሪው" አላት። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ሆነ። አሁን አሁን ደግሞ የእናትየው ዓይን እየደከመ ሄደና "ልጄ፣ ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ፊትሽን አየው ይሆን?" ይሏት ጀመር። ስንዱ ስልኩን ትዘጋና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ባሏ ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም ይላል። ዝም ያለ ሁሉ ግን የረሳ አይደለም።

"ምነው ባለሙያ ብትጠራ?" አለው የድሮ የሥራ ባልደረባው። "ሽቦና አንተ ምንና ምን ናችሁ?"

"ባለሙያው ሠርቶልኝ ይሄዳል" አለ ሹፌሩ። "በረሃ መሀል ቢበላሽብኝ ማንን ልጥራ? የስንዱን ነፍስ ይዤ ነው የምሄደው። የእያንዳንዱን ሽቦ መነሻና መድረሻ ማወቅ አለብኝ።"

እንዲህ ይበል እንጂ መማሩ ቀላል አልሆነለትም። ፕላስና ማይነሱን አዛውሮ ፊውዝ አቃጠለ። ጣራውን በስቶ በወጉ ሳይደፍነው ዝናብ መጣና አዲሱ ፍራሽ ራሰ። ፍራሹ አጥር ላይ ሲሰጣ ሰፈሩ "አላልንም?" አለ። እሱ ግን ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፍኖ እንደገና ጣራ ላይ ወጣ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስልኩ ላይ ያያል፤ ያልገባውን ይዞ ሶላር የሚሸጠው ሰው ዘንድ ይሄድና እስኪሰለቸው ድረስ ይጠይቀዋል። አንድ ቀን ኃይሉን ከሰሌዳዎቹ ተቀብላ ለባትሪው በምታቀብለው ትንሽ ሳጥን ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ፍሪጁም እንደ ንብ እምም ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ማንንም አልጠራም። ውኃ አስገባ፣ ጠበቀ፣ ለሚስቱ በብርጭቆ አቀረበላት። ስንዱ ተጎነጨችና ጥርሷን ያዘች።

"አመመኝ! በረዶ እኮ ነው!" አለች። እየሳቀች ነው ሲባል እንባዋ ወረደ።

ያቺ ኮንዶሚኒየም ደረሰዎት ያለችው ጎረቤትም በጉዟቸው ዋዜማ ዳቦ ቆሎ ይዛላቸው መጣች። ፍሪጁን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ አሁንም ከፍታ አየችው። "እጅዎ ይባረክ" አለች።

ወረዱ። ቆላው እንደ ጥንቱ ቆላ ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ በዚያ አገር ደግሞ ከጥላ የሚበልጥ ሀብት የለም። እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ጥላ ነው። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ይመር ሚኒባሷን ሲያዩ ፍየሎቹን ከዋርካው ሥር አስነሡ፤ ሰዉንም "ተነሡ፣ ተነሡ!" አሉ።

"እዚህ አግባት፣ ወንድምዓለም! አማቻችንን ፀሐይ አይመታውም!"

ሹፌር ደግሞ ጥላ ካየ መሪው ራሱ ይዞራል። ሹፌሩ እጅ ነሥቶ ከዋርካው ሥር አቆማት። ስንዱ ገና ሳትወርድ እናቷ እየተደናበሩ ደረሱ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩትና ቅርብ ሆነው አዩት።

"ከስተሻል" አሉ።

ስንዱ በደስታ እልል አለች። ያያሉ ማለት ነዋ!

በማግስቱ ወደ ቀትር ግን የፍሪጁ እምምታ ጠፋ። አረንጓዴው መብራት የለም። ሹፌሩ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አየ፣ ፊውዙን አወጣ፣ መለሰ፤ ሁሉም ደህና ነው። ባትሪው ግን ባዶ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። "ባለሙያ ብጠራ ኖሮ" ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ሲያስብ የመጀመሪያው ነው። ስንዱ ብቅ አለችና ፊቱን አየችው።

"ላቀው፣ አትደብቀኝ። ልብሴን ልሰብስብ?"

"እናትሽ ምን እያደረጉ ነው?"

"ለከርሞም እዚህ ነሽ እያሉ አልጋ ያነጥፋሉ።"

የመድኃኒቱን ጠርሙስ አውጥቶ ጉንጩ ላይ አስጠጋው። ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሪጁ ተዘግቶ ስለቆየ ነው እንጂ እስከ ማታ እንደማይዘልቅ ያውቃል። ማታ ካልተሠራ መመለስ ነው፤ ከተመለሱ ደግሞ እናትየው በሚቀጥለው ጊዜ የልጃቸውን ድምፅ እንጂ ፊቷን አያገኙም። "ትንሽ ታገሺኝ" አለና ጣራ ላይ ወጣ።

ጣራው ላይ እጁን እንዳሳረፈ ቀጥ አለ። ቤቱ ሳለ ያንን ሰሌዳ ሲነካ እጁን ይለበልበው ነበር። አሁን፣ በዚህ ሰው በሚያነድ አገር፣ እንደ እንስራ ወገብ ቀዝቅዟል። ቀና አለ። ከላዩ ቅጠል ነው፤ ሰማይ የሚባል የለም። ሹፌሩ ጣራው ላይ እንደተቀመጠ ብቻውን ከት ከት ብሎ ሳቀ። ሽቦው አልተበላሸም፣ እጁም አልሰነፈም። ፀሐይ የምትበላዋን መኪና ጥላ ሥር አስሮ በረሃብ ሊገድላት ነበር!

ወርዶ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን አባ ይመር መንገዱ ላይ ቆሙ። ቅር ብሏቸዋል።

"ምነው አማች? ፍየሎቻችንን አስነሥተን የሰጠንህ ጥላ አነሰህ?"

"ኧረ አላነሰኝም፣ አባቴ! ጥላውንማ ለእኔ ይስጡኝ፣ እቀመጥበታለሁ። ይቺ ግን ምሳዋ ፀሐይ ነው። እዚህ ካቆምኳት የስንዱ መድኃኒት ይሞታል።"

ሽማግሌው ጥቋቁሮቹን ሰሌዳዎች ቀና ብለው አዩ። ሚኒባሷንም አዩ። "እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንሸሸው የኖርነውን ትበላለች?"

"ትጠግባለችም።"

"እንግዲያው ወደ ሜዳው ንዳት! ፀሐይማ እንደኛ አገር ማን አለው? እስክትፈነዳ ትብላ!" አሉና እየሳቁ መንገዱን ለቀቁ።

ሜዳው ላይ ብዙም ሳትቆይ አረንጓዴው በራ። ፍሪጁም እምም አለ።

ከዚያ በኋላ የቆላው አቧራ አያስቀምጥምና ሹፌሩ በየቀኑ ቀትር ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል፤ ሰሌዳዎቹን ይወለውላል። አንድ ቀን እናትና ልጅ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። እናትየው የልጃቸውን ፀጉር በዳበሳ እየሠሩ፣ ከሩቅ ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ መሳይ ታያቸው።

"ያ ጣራ ላይ ያለው ማነው፣ ልጄ?"

"ባሌ ነው፣ እማዬ።"

"በዚህ ቀትር? እዚያ ላይ ምን ይሠራል?"

ስንዱ ከእናቷ ጉልበት ላይ ቀና ብላ አየችው።

"እኔ እዚህ ጥላ ሥር እንድቀመጥ ነው" አለች።

ወገኖቼ፣ ፍቅር በአፍ ሲነገር ያምራል። አንዳንዱ ፍቅር ግን ጣራ ላይ ይወጣል፣ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ይሳቅበታል፣ እንደገናም ይጀምራል። የሚወዱትን ሰው ነገር የያዘ ሰው ሥራውን እስከ ሥሩ ያውቀዋል፤ ሲሳሳትም ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ጥላ ሥር የተቀመጠ ሁሉ ደግሞ ስለ እሱ ብሎ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው አለው። እስኪ ዛሬ ከተቀመጣችሁበት ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፦ ለእናንተ ብሎ ፀሐይ ላይ የቆመው ማነው? አንድ ብርጭቆ ውኃስ አቀብላችሁታል?