የሰንበሌጥ መንገድ ዛፎችና የደብተራ ስንሻው አፍ

ሰንበሌጥ የምትባለው ከተማ ያኔ ከኪዳነ ምሕረት ደጃፍ እስከ ገበያው የሚወርድ ሰፊ መንገድ ነበራት፤ አንዲት ጥላ ግን አልነበራትም። አልቃሽ ከሟቹ እኩል የሚደርቅባት፣ ለገበያ የወጣ ቅቤ የሻጯን ጸጉር ቀብቶ የሚያልቅባት መንገድ ነበረች ይላሉ፣ ለእኛ ያወጉን ሰዎች። ግራና ቀኙን ዛፍ እንትከል ብሎ ሕዝቡን የቀሰቀሰው ደብተራ ስንሻው ነው። ድምፁ ለማኅሌት፣ አፉ ግን ለክስ የተፈጠረ ሰው ነበር።

የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ አንዳርጌ ሐሳቡን ወደዱትና ሽማግሌዎቹን እዚያው መንገዱ ላይ ሰበሰቡ፤ እሳቸው በድንኳን፣ ሌላው በጠራራ። አንዱ ወይራ ይሁን አለ። ሌላው ዋንዛ አለ። ሌላው ደግሞ ዝግባ ከሌለበት እኔም የለሁበትም ብሎ ተቆጣ። በጠዋት የተጀመረው ምክር ፀሐይ አናት ላይ ወጥታም አላለቀም። ፊታውራሪ ከድንኳናቸው ብቅ ብለው «ስንሻው፣ አንተስ ምን ይሻላል ትላለህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ የዛፉ ይቆየንና እኛን ውሃ ያጠጡን፤ ቆመን ሥር ሰደድን።»

ፊታውራሪ ሳቁና ሦስቱም ይተከሉ ብለው ጉባኤውን ፈቱ።

ደብተራው ቀን ከሌት ጉድጓድ ሲምስ የደብሩ አለቃ ከፋቸው። አንድ ጠዋት አፈር የለበሰ ጋቢውን አይተው «ማኅሌቱን ጥለህ ጭቃ ስታቦካ አታፍርም?» ብለው በሰው ፊት ገሠጹት። እሱም ዶማውን ሳያስቀምጥ፦

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ገነትን ሲተክል ማን ማኅሌት ቆመለት?»

የተከላው ዕለት የመጀመሪያውን ችግኝ የሚተክሉት ፊታውራሪ ሆኑ። አንዱ አሽከር ቆፈረ፣ አንዱ ችግኙን አቀና፣ አንዱ አፈሩን መለሰ፣ አንዱ ጃንጥላ ያዘላቸው። እሳቸው በከዘራቸው ጫፍ አፈሩን ነካ ቢያደርጉ እልልታው ቀለጠ። ደስ ብሏቸው «እንዴት ነው ስንሻው፣ አተካከሌ አማረ?» ቢሉት፣ ደብተራው ችግኙን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«ቁርጥ እርስዎን! እሱም ሰው ደግፎት ነው የቆመው።»

ለዚህች መልስ የፍልሰታ ጾም እስኪፈታ ግብር ቤት ድርሽ እንዳይል ተከለከለ። በጾሙ ግብር አልነበረምና የቀረበት ነገር የለም።

ክረምቱ ወጣ፤ ችግኞቹ መጠውለግ ጀመሩ። በመንገዱ ዳር ያለው አንድ የውሃ ጉድጓድ የነጋድራስ ጎበዜ ነበር። ነጋድራስ ማለት ለዝንብ እንኳ ማር የማያስልሱ ሰው ናቸው። ሴቶቹ እንስራ ይዘው ቢለምኗቸው «ዛፍ የሚያጠጣው ዝናብ ነው፣ ዝናብም የእግዚአብሔር ነው። ጠብቁ!» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ሴቶቹም ከሩቁ ወንዝ እየቀዱ፣ ወገባቸው እየተቆረጠ ችግኞቹን አቆዩ።

ጥቂት ሰንብቶ ደብተራ ስንሻው ማኅበር ደገሰ። ድግስ የማያልፋቸው ነጋድራስ ቀድመው ተቀመጡ። ለሰው ሁሉ ጠላ ሲቀዳ ለእሳቸው ባዶ ዋንጫ ቀረበላቸው። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ የሚቀዳላቸው ጠፋ። «ደብተራ፣ ጠላዬሳ?» አሉ ጉሮሯቸው ደርቆ። ደብተራው እስከ በሩ ሄዶ ወደ ሰማይ አንጋጠጠና፦

«ትንሽ ይጠብቁ ነጋድራስ፤ ደመናው እየመጣ ነው።»

በማግሥቱ የጉድጓዱ በር ለሴቶቹ ተከፈተ።

ችግኞቹ ከሰው ጉልበት ሲያልፉ ደግሞ የዳኛው የቀኛዝማች በሻህ በቅሎ ገመዷን በጥሳ የዋንዛዎቹን ጫፍ ጫፍ ቀረጠፈችው። ደብተራው በቅሎይቱን እየጎተተ ችሎት ገባ። ዳኛው የራሳቸውን ነገር ራሳቸው ሰሙ። ጢማቸውን እያሻሹም «በቅሎ እንስሳ ናት፤ ሕግ አታውቅም። ስለዚህ አይፈረድባትም» ብለው ፈረዱ። ደብተራው እጅ ነሣ።

«እውነት ነው ጌታዬ፤ ከእርስዎ ጋር ኖራ ከማን ትማረው!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ በቅሎይቱም ከዚያ ወዲያ ታስራ ዋለች።

ዓመታት አለፉ። ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን ጥላ አለበሱት። ለቀስተኛው ከዛፎቹ ሥር ያርፋል፣ ሴቶቹ ይነግዳሉ፣ ባለጉዳዩ ይሟገታል። ፊታውራሪ አንዳርጌ ግን አርጅተው ቁጡ ሆነዋል። አንድ የገበያ ቀን በበቅሏቸው ሲያልፉ ከጥላው ሥር የተቀመጠ ሰው አንድም አልተነሣላቸውም። እልፍኛቸው ገብተው «ሕዝቡን ያባለጉት እነዚህ ዛፎች ናቸው። ጥላ ሥር ተኮፍሶ ገዢውን አያይም! ነገ ይቆረጡ!» ብለው አዘዙ።

ሲነጋ መጥረቢያ የያዙ አሽከሮች በመንገዱ ተሰለፉ። ያን ሁሉ እንስራ የተሸከሙት ሴቶች የዛፎቹን ግንድ አቅፈው ያለቅሳሉ። ፊታውራሪ ቆረጣውን ሊያዩ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደብተራ ስንሻው ጸጉሩ ሸብቶ፣ በምርኩዝ እያነከሰ መጣና እጅ ነሣ። ሰዉ ይለምናል ብሎ ሲጠብቅ «ይቆረጡ ጌታዬ፤ ትእዛዝዎ ትክክል ነው» አለ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ አንዷማ «ይህ ከሃዲ!» ብላ ተሳደበች። ፊታውራሪም ተገርመው «እንዴት ተስማማህ?» አሉት። አሽከሮቹ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ሳይነኩ ወደየቤታቸው የተመለሱት በዚህ መልሱ ነው፦

«እስከ ዛሬ ሰው ያልተነሣልዎ ዛፉ ከልሎዎት ነው እያልን ስናመካኝ ኖርን፤ ከዛሬ ወዲያ ግን በምን እናመካኝልዎ?»