ጠባቡ ዋሻና የአህያዋ ድምፅ

አንድ ጊዜ በበጋ ጫካው በእሳት ተያያዘ። እሳቱ በሦስት በኩል ስለከበባቸው አራዊቱ ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሹ። ወደ ወንዙ የሚያሻግረው አንድ ጠባብ ዋሻ ብቻ ነበር። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የገባ አይታይም።

መንገዱን የምታውቀው አህያ «እኔ ልቅደም። አንዳችሁ በወጣችሁ ቁጥር አንድ ጊዜ አናፋለሁ» ብላ ገባች። ጥቂት ቆይታ ከማዶ ስታናፋ ተሰማ።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «እንዴት ያለ የሚጣፍጥ ድምፅ ነው! በሉ ሁላችንም እንግባ!»

ግር ብለው ገቡ። ከርከሮው ከሚዳቋዋ፣ ጃርቱ ከዝንጀሮው ጋር ተጣበቁ። ከማዶ ድምፅ ጠፋ።

«ዝም ያለችው ጥቂት ስለገባን ነው፤ ጨምሩ!» አለ ጅቦ እየገፋ።

«ለታነቀ ጉርሻ ይጨመርለታል እንዴ?» ብላ ጮኸች ሁለት ልጆቿን ያቀፈችው እመት ቀበሮ። «ንጉሥ ሆይ፣ የኋለኞቹን መልስልን!»

አንበሳው አገሣ። የኋለኞቹ ሲወጡ የተጣበቁትም ተላቀው ተመለሱ። ቀበሮም ድምፅዋን አለስልሳ «አያ ጅቦ፣ እንዳንተ ያለ ጌታ በር ያስከብራል እንጂ ይጋፋል?» አለችው። ጅቦ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ጥንቸል ብቻዋን ገባች። አህያዋ ስታናፋ ሁለት ገቡ። ሁለቴ ስታናፋ አራት ገቡ። ድምፁ ሲዘገይ ግማሹን ብቻ አስገቡ፤ ሲቀላጠፍ ደግሞ አንድ አንድ እያሉ ጨመሩ። ሰልፉ እየሰፋና እየጠበበ ሲሄድ ዋሻው የሚተነፍስ መሰለ።

አንበሳው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስነግሥ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም! ማን ነው የሚያዘው?»

«ማንም፣ ጌታዬ። እየሰማን ነው» አለች ቀበሮ።

አንበሳውም በተራው አለፈ። የቀበሮ ልጆች ተራ ሲደርስ እሳቱ ሣሩን ይዞ መጥቶ ነበር።

«አብረሻቸው ግቢ እንጂ!» አለ ጅቦ።

«ድምፁ ዘግይቷል። ከሁለት በላይ አያልፍም» ብላ ልጆቿን ብቻ ሰደደች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች።

አህያዋ አንዴ አናፋች። ከዚያ ጸጥ አለ።

ደግማ አናፋች።

«ና፣ አያ ጅቦ፣ ተራችን ነው» አለች እናት ቀበሮ፣ እንባዋ እየወረደ። እሳቱ በሩ ላይ ሲደርስ ዋሻው ባዶ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ስልካችን መልእክትን ቆራርጦ በኢንተርኔት መንገድ ሲልክ «ደረሰ» የሚል ምላሽ እየሰማ የሚልከውን እንደሚቀንስና እንደሚጨምር ሁሉ፣ እኛም በመገፋፋት ፈንታ ብንደማመጥ ጠባብ መንገድ ለሁላችን እንደሚበቃ ነው።