ሐጂ ቡሽራና የግቢያቸው መንገድ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገ ተነስታችሁ ግቢውን ካላየን ትላላችሁ፤ ሰውየው ደግሞ መታየት አይወዱም። ተራራ ሥር ያለች፣ ቤቶቿ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ የመስጂዷ ዕድሜ ከገበያዋ የሚበልጥ አሮጌ ከተማ ናት ብላችሁ ያዙልኝ። እዚያ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። በጨርቅ ንግድ ኖረው፣ አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው መስጂድ ለመስጂድ ነው የሚውሉት። በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንደኛ፣ ሳይማከሩ ምንም አይሠሩም። ሁለተኛ፣ ተማክረው ከወሰኑ በኋላ ማንም አይመልሳቸውም።

ግቢያቸው ሰፊ ነው። ከዋናው በር ተነስቶ፣ በቤቱ ጎን አልፎ፣ እስከ ጓሮው ትንሽ በር የሚደርስ የወንዝ ጠጠር የተነጠፈበት መንገድ ነበረው። ጠጠሩን ያስነጠፉት አባታቸው ናቸው። የጓሮውን በር ስትከፍቱ ፊት ለፊታችሁ መስጂዱ ነው። ለእግረኛ ደህና መንገድ ነበር፤ ለመኪና ግን ክረምት በመጣ ቁጥር መከራ ነው። ልጃቸው አንዋር መኪና ገዝቶ የገባ ጊዜ ጎማው ጭቃው ውስጥ እየተቀበረ ጎረቤት ሁሉ ለመግፋት ይጠራ ጀመር። እናቱ ሐጃ ጦይባ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ልጄ፣ የገዛኸው የሚነዳ ነው ወይስ የሚገፋ?" እያሉ ይስቁበታል።

"በቃ፣ መንገዱ ይሠራ!" አሉ ሐጂ አንድ ቀን። "ግን በምን?"

ወገኖቼ፣ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

"በአስፋልት!" አለ አንዋር። "ጠዋት ይነጠፋል፣ በሩሎ ይዳመጣል፣ በማግስቱ እነዳበታለሁ። ክረምቱ ሳይገባ እንገላገላለን፣ አባዬ።"

የሐጃ ጦይባ ወንድም ከማል ግንበኛ ነው። አስፋልት የሚለውን ቃል ሲሰማ አፉን አጣመመ። "አስፋልት? ፀሐይ ሲከር ሊለሰልስ? ያቺ መኪናህ ደግሞ ዘይቷን ስታንጠባጥብበት በልታ ትጨርሰዋለች። ኮንክሪት ነው እንጂ! አንዴ ካፈሰስከው ለልጅ ልጅ ነው።"

"እስኪሰነጠቅ ድረስ ነዋ! ደግሞ እንደ ችግኝ ውሃ እያጠጣን ልንከርም ነው?"

"መኪና መግፋት ያልከበደህ ሰውዬ ውሃ ማጠጣት ከበደህ?"

ሐጂ ሁለቱንም ሰሙና ወደ ሹራ፣ ወደ ምክክር፣ ወጡ። የመስጂዱን ኢማም ጠየቁ፣ ጎረቤቶቻቸውን ጠየቁ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጠየቁ፣ ጋሪ ነጂውን ሳይቀር አስቁመው ጠየቁ። የከተማው ሰው መቼም ስለ ሰው ግቢ ሐሳብ አያጣም። የመስጂዱ ጀማዓ ለሁለት ተከፈለ። ውዱእ ማድረጊያው ጋ አንዱ እግሩን እያጠበ "ኮንክሪት" ይላል፣ ጎኑ ያለው አፉን ሳይጉመጠመጥ "አስፋልት" ብሎ ይመልስለታል። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በፊት ኢማሙ ዞር ብለው፣ "ሰልፋችሁን አስተካክሉ፤ አስፋልታችሁንና ኮንክሪታችሁንም ከጫማችሁ ጋር ውጭ ተዉልኝ!" እስኪሉ ደረሰ።

በዚህ ሁሉ ምክክር ውስጥ አንድ ሰው ተረሳ። ሼህ ወሌ የመስጂዱ ሙአዚን፣ አዛን ጠሪ፣ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን የጠፋው ገና በጎልማሳነታቸው ነው። ቤታቸው ከሐጂ ዋና በር ትይዩ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ አዛን በዱላቸው እየተመሩ በግቢው ያቋርጣሉ። የሐጂ አባት፣ "ይህ በር ለሼህ ወሌ አይቆለፍም" ብለው ስላለፉ በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ነው የሚያድረው። ሼህ ወሌ ሰው እጃቸውን ይዞ እንዲመራቸው አይፈልጉም። ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፤ ስለ መንገዱ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። አያዩት፣ መኪና የላቸው፣ ምን ያደርግላቸዋል? ሐጂ እንኳ ያሏቸው፣ "ሼህ ወሌ፣ ሥራ ልንጀምር ነውና ዱዓ ያድርጉልን" ብቻ ነው።

እሳቸውም እጃቸውን አንስተው፣ "አላህ መንገዳችሁን ያሳምርላችሁ" አሉ። ግቢው በሙሉ አሚን አለ።

ምክሩ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ሲያስቸግራቸው ሐጂ፣ "እንግዲያው ናሙና ሥሩልኝ፤ በዓይኔ ሳላይ አልወስንም" አሉ። ጠጠሩ ተጠርጎ ግድግዳው ሥር ተቆለለ። አንዋር ከዋናው በር በስተግራ የፍራሽ ያህል አስፋልት አስነጠፈ። ከማል ደግሞ ከዐስር በኋላ በስተቀኝ ያንኑ ያህል ኮንክሪት አፈሰሰ። አስተካከለ፣ አለሰለሰ፣ እንደገና አለሰለሰ፣ ራቅ ብሎ አየው፣ ተመልሶ ደግሞ አለሰለሰ። "ነገ ጠዋት ይህን አይተው አስፋልት ቢሉኝ ሙያዬን እተዋለሁ" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ከማል እየተጣደፈ መጣ። ከበሩ ሲገባ የጮኸው ጩኸት ሐጃ ጦይባን ከጓዳ አስወጣቸው። ያ ሁሉ የተደከመበት ኮንክሪት መሃል ለመሃል ተረግጧል። እግር ገብቶበታል፣ ቆሞበታል፣ ዞሮበታል፣ ተመልሶበታል። በእግሮቹ መሃል ደግሞ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ።

"አንዋር! ና ውጣ!" አለ ከማል። "መርገጡስ እሺ፣ በእንጨት መውጋት ምን የሚሉት ቅናት ነው?"

"ወላሂ አልረገጥኩትም!"

"በወላሂ አትጫወት!"

"እውነቴን ነው የምነግርህ፣ ትናንት ከመግሪብ በኋላ ከቤት አልወጣሁም!"

ሐጂ ወደ ኮንክሪቱ ሄደው ጎንበስ አሉና በአንዷ ጉድጓድ ጣታቸውን ከተቱ። ከዚያ እዚያው ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ጥቁር አለ።

"ከማል፣ ልጁን ተወው" አሉ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የዋናው በር ተንኳኳ። ሼህ ወሌ ነበሩ። በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"አሰላሙ ዐለይኩም። አውፍ በሉኝ፣ ጥፋት ሠርቻለሁ መሰለኝ" አሉ። "ትናንት ቀኑን አሞኝ ተኝቼ ውዬ ለዒሻ ስመጣ ያቦካችሁትን ሊጥ ረገጥኩባችሁ። ጫማዬም ይኸው ድንጋይ ሆኖ አደረ።"

ሐጃ ጦይባ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ከማል የሚገባበት አጣ። ያንን ሁሉ የጮኸበትን አፉን በእጁ ይዞ ቆመ።

"ሱብሒንስ በየት በኩል ሄዱ?" አሉ ሐጂ።

"ከግቢው ውጭ፣ በዋናው መንገድ ዞርኩ።"

"ጉልበትዎ ደምቷል እኮ!"

"የውሃ መውረጃው ቦይ ትንሽ ተቀበለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አዛኑ ግን ዘገየ፤ እሱን ነው ያዘንኩት።"

"ምነው ሼህ ወሌ! በሩ ክፍት ነበር።"

"በሩስ ክፍት ነው። መንገዱ ነው ዝም ያለኝ።"

ሼህ ወሌ የማንንም ፊት ስለማያዩ እንደ ቀላል ነገር ማስረዳት ቀጠሉ። "ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ኮሽ ኮሽ ሲል መሃል መንገድ ላይ ነኝ። ድምፁ ሲጠፋ ወይ ወደ ውሃ ጉድጓዱ፣ ወይ ወደ ግድግዳው ወጥቻለሁ ማለት ነው፤ እመለሳለሁ። ትናንት ብረግጥ ብረግጥ ድምፅ የለም። ፈራሁና ወደ ኋላ ዞርኩ።"

"ታዲያ ጠጠሩ ሊነሳ ነው ሲባል እየሰሙ ለምን አልነገሩኝም?"

"በሰው ግቢ እኔ ምን አግብቶኝ? ልጅዎ በጭቃ ሲቸገር እሰማለሁ። ለእኔ ብሎ መኪናውን ይሸከም?"

አንዋር እንባው መጣ። "አባባ ወሌ፣ እኔ በየሶላቱ እየመጣሁ በመኪናዬ አደርስዎታለሁ" አለ።

ሼህ ወሌ ከት ብለው ሳቁ። "አላህ ይባርክህ! ግን ለሱብሒ አንተን ማን ሊቀሰቅስህ? የምቀሰቅስህ እኔ ነኝ እኮ!" ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ለስለስ ብለው፣ "ልጄ፣ አላህ ዓይኔን ወስዶ አዛኑን ተወልኝ። ሰው እስኪያመጣኝ ከጠበቅኩ አዛኑም የእኔ አይሆንም" አሉ።

እንግዲህ የሐጂ ቡሽራ ፈተና ይኸው። አትናቁት። ገንዘቡ አለ፣ ቁሳቁሱ ተገዝቷል፣ ከተማው በሙሉ ያንን መንገድ ሊያይ ይጠብቃል። ዒድ ሲመጣ እንግዶቻቸው በሚያምር መንገድ እንዲገቡ ሐጂ ራሳቸው ጓጉተዋል። ከማል ደግሞ ዘዴ አላጣም፤ "ገመድ እንዘርጋላቸው፣ ይዘው ይሄዳሉ" አለ። ሰውየውን እንደ በግ በገመድ!

ሐጂ ተነሱ። "ከማል፣ መኪና የሚረግጠው በስንት በኩል ነው?"

"በሁለት። በግራና በቀኝ ጎማ።"

"እንግዲያው ለጎማዎቹ ሁለት መስመር ሥራላቸው። መሃሉን አትንካ፤ የአባቴን ጠጠር እስከ ጓሮው በር መልሰህ አንጥፍበት።"

"በአስፋልት ነው በኮንክሪት?" አለ አንዋር ተስፋ ሳይቆርጥ።

"እንደዚያ ለጠበበ መስመር አስፋልት ጠርዙ ይፈረፈራል" አለ ከማል። ለማሸነፉ ግን አልፈነጠዘም፤ ኮንክሪቱ መሃሉን ሊያጣ ነው። "ሐጂ፣ ሰው እኮ ይስቃል። መሃሉ ላይ ሲሚንቶ አለቀባቸው ነው የሚሉት።"

"ይበሉ" አሉ ሐጂ። "ለምን እንደሆነ ግን ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንዳይናገር። የሼህ ወሌ ስም አይነሳም። ለእሳቸው ውለታ አልዋልንም፤ የነጠቅናቸውን ነው የምንመልሰው።"

መንገዱ ተሠራ። አንዋርም እያጉረመረመ ውሃውን አጠጣ። ከተማው ደግሞ እንደተባለው ሳቀ። "ባለ ግማሽ መንገዱ ሐጂ" አሏቸው። ለመድረሳ ግንባታ ያለ ስስት የሰጡትን ሰው፣ "እርጅና ሲመጣ እጅ ይጨብጣል" እያሉ አሟቸው። አንዋር እየተቃጠለ እቤት ሲመጣ ሐጂ፣ "ምን አሉን ዛሬ? አዲስ ነገር አለ?" ብለው ይጠይቁትና ሲነግራቸው ይስቃሉ። የሳቁት ግን ሳይከፋቸው አይደለም። የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት እንኳ ቆጥበው የማያውቁ ነጋዴ ናቸው፤ ስስታም መባል ያማቸዋል። ሐጃ ጦይባ እንደነገሩኝ አንድ ቀን ሱጁድ ላይ ብዙ ቆይተው ሲነሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ያም ሆኖ ትንፍሽ አላሉም።

የዒድ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ በገበያ የድሮ ባልንጀራቸው ሐጂ ኢድሪስ፣ ሥጋውን እየቆረጡ፣ "ሐጂ ቡሽራ! ለመሆኑ መሃሉን ለማን አስቀሩት?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሐጂ ቡሽራም አብረው ፈገግ አሉና፣ "ይብሉ እንጂ ሐጂ፣ ይብሉ" አሉ።

"መሃሉማ የኔ ነው!" አለ ከጥግ አንድ ድምፅ።

ሼህ ወሌ ነበሩ። በየቀኑ አምስት ጊዜ ከተማውን የሚጠራው ድምፅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ዞረ። እሳቸውም ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ሊጡ፣ ስለ ቦዩ፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። "ሐጂ ቡሽራ ይህን ሁሉ ሐሜት ለእኔ ሲሉ እየጠጡ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት" ብለው ሲጨርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ሐጂ ኢድሪስ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ "ማሻአላህ!" ከየአቅጣጫው ተነሳ፤ አንዱ ደግሞ የሐጂን እጅ ሊስም ተንደረደረ።

ሐጂ ቡሽራ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሲሳቅባቸው ያላፈሩት ሰውዬ ሲመሰገኑ አፈሩ። እንዲህም አሉ፦

"አታመስግኑኝ፤ ይልቅ ኢስቲግፋር አድርጉልኝ፣ አላህ ይቅር እንዲለኝ ለምኑልኝ። ከተማውን ሁሉ አማከርኩ ብዬ ነበር። ያማከርኳቸው ሁሉ ግን የሚያዩ ነበሩ።"

ይችን ንግግር ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ ነስታኛለች። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ሐጂ ቡሽራም ጠጠሩን ሲያስጠርጉ እንቅፋት ያነሱ መስሏቸዋል፤ ያነሱት ግን የአንድን ሰው ዓይን ነበር። ክፋት አልነበረም፣ ስስት አልነበረም፣ ሹራም አልጎደለም። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱን ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ሰው።

እኛም እንዲሁ ነን። መስጂዱን ለማሳመር እብነ በረድ ስናነጥፍ በእርጥብ እግራቸው የሚገቡትን አዛውንት ጠይቀናቸዋል? ፎቅ ሠርተን እናታችንን ላይኛው ክፍል ስናስቀምጣት ጉልበቷን ጠይቀነዋል? አልጠየቅንም። እነሱም አልተናገሩም፤ አደባቸው አይፈቅድማ! ዱዓ ስንላቸው ዱዓ አደረጉልን፣ እኛም አሚን ብለን በላያቸው ላይ አነጠፍን። እና እባካችሁ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ በእናንተ ጉዳይ ዝም ያለውን ሰው ፈልጉት። አጠገቡ ቁጭ በሉና ጠይቁት።