የአያ ጅቦ መኪና የጠዋት ሳል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መኪና መንዳት በለመዱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ አንዲት የእሽቅድምድም መኪና ነበረችው። መኪናዋ ደህና ነበረች፤ ግን ጅብ በቃኝ መች ያውቃል? ትልቅ ቱርቦ አስገጠመላት፣ ሰፊ የአየር ቱቦ አስገባላት፣ ድምጿ አገር እንዲያውክ የጭስ ማውጫዋን ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታዋን፣ አስቆረጠ። ይህን ሁሉ የሠራለት መካኒኩ አያ ቀበሮ ነው። ለሰፊው ቱቦ የሚሆን የብረት ማሰሪያ ሲያጣ፣ በቆዳ ጠፍር ጥፍር አድርጎ አሰረውና «አለቀ፣ ንዳት» አለው።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት መታመም ጀመረች። ስትነሳ ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ቆማ የምታንጎራጉርበት ድምጿ፣ ወርዶ ወርዶ ልትጠፋ ትደርስና መልሳ ትጮኻለች። ሞተሯ ሲሞቅ ግን ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ትላለች።

«ይህ በሽታ አይደለም፤ የጠላት እጅ ነው» አለ ጅቦ። መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ ማታ ማታ አጠገቧ እየተኛ ሲጠብቃት ነበር።

ቀበሮም ተጠርቶ መጣ። ካንዴላ ቀየረ፣ ፊልትሮ አጠበ፤ ነገሩ ግን አልገባውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞቱ ነው። ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤንዚንህን ማን ነው የሚያመጣልህ?» አለው።

«እመት አህያ።»

«እኔ ምንም አልወጣኝም። ግን ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከገባ መኪና ያስላል።»

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። የተናደደ መስሎት ነበር፤ ርቦት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ ቆሞ ሳለ፣ እመት አህያ ጀሪካኗን ተሸክማ ስትገባ ጅቦ በሩን ከኋላዋ ዘጋው።

«ቤንዚኔ ውስጥ ውሃ ትጨምሪያለሽ።»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ጀሪካኑ ታሽጎ ነው የሚሰጠኝ።»

«እንግዲያው ሌሊት እየመጣሽ ትነካኪያታለሽ።»

«ሌሊት? አንተ ወዳለህበት ግቢ? በገዛ እግሬ?»

«እሱን አላውቅም። ብቻ አንቺ ነሽ።»

አህያ ጡት ያልተወች ውርንጭላዋን ቤት ትታ ነው የመጣችው። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች። «ግን መጀመሪያ መኪናዋን አስነሳት። የምሞትለትን ሳል ልስማው።»

ጅቦ አስነሳት። መኪናዋም እንደ ልማዷ አሳለች፣ ተንቀጠቀጠች። አህያ ያን ረጅም ጆሮዋን ወደ ተከፈተው ኮፈን ዘንበል ብታደርግ፣ ከጩኸቱ ሥር «እስስስ» የሚል ነገር ሰማች።

«እዚህ ጋ አየር ትስባለች» አለች።

ቀበሮ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ቱቦውን ያሰረበት ጠፍር ግማሹ የለም፤ የቀረውም ታኝኳል።

የጅቦ ፀጉር ቆመ። «አንቺ ነሽ የበላሽው!»

«እኔ ሣር በሊታ ነኝ። ቆዳ ምን ይሠራልኛል?»

«እንግዲያው አንተ ነህ» ብሎ ወደ ቀበሮ ዞረ።

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገና ትኩር ብሎ አየው። «አያ ጅቦ፣ እስቲ አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። በጥርሶቹ መሐል የጠፍር ቁራጭ ተሰክቷል።

«እኔማ ሌባ እንዳይነካት ስጠብቅ ደስ የሚል ሽታ ይሸተኝ ነበር» አለ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ። «ትንሽ ነው የቀመስኩት።»

አህያ እፎይ አለች። ግን ቀና ብላ ብታየው፣ ጅቦ አሁንም እሷን እያየ ምራቁን ይውጣል። ጥፋተኛው ቢገኝ ረሃቡ የት ይሄዳል?

«አያ ጅቦ» አለች ቶሎ ብላ፣ «ቱቦውን በሁለት እጅህ ጥብቅ አድርገህ ያዝ።»

ያዘ። ሳሉ ቆመ፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች።

«እንዳትለቅ። ከለቀቅህ ትጠፋብሃለች።»

«አልለቅም» አለ ጅቦ።

ቀበሮ «ጠፍር ላምጣ» ብሎ በሩን ከፍቶ እንደ ወጣ ቀረ። እመት አህያም ጀሪካኗን እዚያው ጥላ ወደ ውርንጭላዋ ፈረጠጠች። ሞተሩ ሞቆ፣ የቱቦው ጎማም ላልቶ ክፍተቱን በራሱ ከደፈነው ቆይቷል፤ ጅቦ ቢለቀውም መኪናዋ ምንም አትሆንም ነበር። ግን ማን ይንገረው? ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ ቱቦውን እንዳቀፈ፣ ሌባ እንዳይመጣ በሩን በጎሪጥ እያየ ቆሞ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ከመጠርጠር በፊት የገዛ ጥርስን መፋቅ እንደሚበጅ ነው።