ማንደፍሮና አልዘጋ ያለው በር

ተረት ተረት ስላችሁ "የብረት" በሉኝ፤ የዛሬው ተረት ብረት ነውና።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጋሽ ማንደፍሮ የሚባል በያጅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ገጠመ፣ መስኮት በየደ፣ የውኃ ታንከር ማማ አቆመ። አሁን ግን ወገቡ እምቢ አለ፤ ቁጢጥ ብሎ መበየድ ቀረ። ታዲያ የከተማዋ የሙያ ትምህርት ቤት የብየዳ አስተማሪ ይፈልጋል ሲባል ሰማ። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ መሥራት፣ ቆሞ ማሳየት! ከብረት ሳይለይ የሚያረጅበት ሌላ ቦታ አልነበረውምና ልቡ በደስታ ዘለለ።

ርእሰ መምህሩ ግን፣ "እጅዎን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም የብቃት ወረቀት ያስፈልጋል። እስከ ዓርብ ካላመጡ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል" አለው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ምዘና ጣቢያው ሄደ። መዛኟ ትብለጥ ትባላለች፤ ወሬ አታበዛም። "ጋሼ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ። ያለ ደብዳቤ አልመዝንም" አለችው።

ትምህርት ቤቱ አልቀጥር አለ፣ መዛኟ አልመዝን አለች፤ ማንደፍሮ ሃያ ዓመት ወደሠራበት የብየዳ ቤት ሄደ። ባለቤቱ ሙዘይን አቅፎ ሳመው።

"ለአንተ ያልጻፍኩ ለማን ልጽፍ! ግን ማኅተሙ የለኝም። ሁለት ጊዜ ብጥለው ሚስቴ ዘምዘም ቀምታኝ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ የጎረቤት ሰላምታ ነው፤ አልጽፍም።"

ትምህርት ቤቱ አልቀጥር አለ፣ መዛኟ አልመዝን አለች፣ ሙዘይን አልጽፍ አለ፤ ማንደፍሮ ወደ ዘምዘም ሄደ። ደጇ ላይ ሲደርስ ትልቁ የብረት በር ተንጋዶ፣ በገመድ ታስሮ አገኘው።

"አንተን አልጠላህም ወንድሜ" አለች ዘምዘም። "ግን እስቲ ፍረደኝ! የብየዳ ቤት ባለቤት ሚስት ሆኜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሬን በገመድ አስሬ ልደር? የደንበኛ ይቅደም፣ የደንበኛ ይቅደም! በሬ ሳይዘጋ ማኅተም ከሳጥኔ አይወጣም።"

ማንደፍሮ አፈረ። ያን በር አይተው "ነገ እንሠራዋለን" እያሉ ካለፉት ሠራተኞች አንዱ እሱ ራሱ ነበር። እነሱ ሠፈር ነገ የሚባለው ቀን ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ማጠፊያውን ነካ ነካ ቢያደርገው ብረቱ ተበልቷል። እንዲህ ያለውን ከባድ በር የሚችለው ባለኩሽኔታ ማጠፊያ ነው። እሱን የሚሸጠው ደግሞ አበጀ ብቻ፤ የአበጀ ሱቅ ደግሞ ዝግ!

ትምህርት ቤቱ አልቀጥር አለ፣ መዛኟ አልመዝን አለች፣ ሙዘይን አልጽፍ አለ፣ ዘምዘም አልሰጥ አለች፣ በሩ አልዘጋ አለ፤ ማንደፍሮ ወገቡን ይዞ ወደ አበጀ ቤት ሄደ። አበጀ እናቱ አልጋ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

"እንዴት ብዬ ሱቅ ልክፈት ጋሼ? የእማማ ዊልቸር ተሰበረ። ፀሐይ ካየች ወሯ ነው። ከአጠገቧ ዞር ስል ታለቅሳለች።"

"ማን አለቀሰ?" አሉ እማማ ትርንጎ ከአልጋቸው ላይ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "ሁለት ቦታ አስወሰድኩት ልጄ። ቱቦው ስስ ነው፣ ሲበየድ ይበሳል ብለው መለሱልኝ።"

እንግዲህ ተመልከቱልኝ! ትምህርት ቤቱ አልቀጥር አለ፣ መዛኟ አልመዝን አለች፣ ሙዘይን አልጽፍ አለ፣ ዘምዘም አልሰጥ አለች፣ በሩ አልዘጋ አለ፣ አበጀ አልከፍት አለ፣ ዊልቸሩ አልሄድ አለ። ማንደፍሮ ግን ዊልቸሩን ገልብጦ ስብራቱን አየና፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው።

"እችለዋለሁ እማማ።"

እማማ ትርንጎ ወረቀት አለህ ወይ አላሉትም። "እናትህ አሉ?" ብለው ጠየቁት።

"አርፈዋል።"

"እንግዲያው እሳቸውን እንደምታስቀምጥበት አድርገህ ሥራው።"

ማንደፍሮ የብየዳ ማሽኑን ከቤቱ አስመጣ። ዊልቸሩን ጠረጴዛ ላይ አወጣ፣ የማሽኑን ኃይል ቀነሰ፣ በቀጭን ኤሌክትሮድ ጠብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ፣ ደግሞ ጠብ እያደረገ በየደው። ቱቦው አልተበሳም። ሞርዶ ሲጨርስ መጀመሪያ ራሱ ተቀመጠበት፤ ሠርቶ ራሱ ሳይሞክር ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ከዚያ እማማን ከአበጀ ጋር ደግፎ አስቀመጣቸው።

ዊልቸሩ ሄደ! ዊልቸሩ ቢሄድ እማማ ወደ ፀሐይ ወጡ፣ እማማ ወደ ፀሐይ ቢወጡ አበጀ ሱቁን ከፈተ፣ አበጀ ሱቁን ቢከፍት ባለኩሽኔታው ማጠፊያ ተገኘ። ላይኛውን ማጠፊያ ማንደፍሮ ቆሞ በየደ። ታችኛው ላይ ሲደርስ ወገቡ አልታጠፍ ቢለው፣ ሙዘይን እየሮጠ መጣና፣ "ተው፣ ይሄ የእኔ ዕዳ ነው" ብሎ ቁጢጥ አለ። ዘምዘም በሩን በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ተዘጋ። እንደገና ከፍታ ዘጋችው። አሁንም ከፍታ ዘጋችው። በሩ ቢዘጋ ዘምዘም ማኅተሙን ሰጠች፣ ዘምዘም ማኅተሙን ብትሰጥ ሙዘይን ደብዳቤውን ጻፈ፣ ሙዘይን ቢጽፍ መዛኟ መዘነች።

ሐሙስ ዕለት ማንደፍሮ የልጆቹ እኩዮች ከሆኑ ተመዛኞች ጋር ተሰልፎ ጥያቄውን መለሰ፣ ለክቶ ቆረጠ፣ ገጥሞ በየደ። ትብለጥ ሥራውን አገላብጣ፣ ለክታ፣ በመዶሻ መትታ አየችው። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ቆማ ውጤቱን ማንበብ ጀመረች።

"ማንደፍሮ በላቸው፤ ብቁ።"

ማንደፍሮ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"ጋሼ፣ አልሰሙኝም? አልፈዋል እኮ።"

"ሰምቻለሁ ልጄ" አለ። "አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'መቼ ይደርሳል?' እንጂ ሌላ ነገር ያለኝ ሰው የለም።"

ወሬ የማታበዛዋ ትብለጥ ወረቀቷን ቀና አድርጋ፣ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ፣ እንደገና አነበበችለት። መዛኟ ወረቀቱን ብትሰጥ፣ ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ቀጠረው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ሻካራ ካላት ሞርዳችሁ መልሱልኝ።