የብረቱ ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ሞጆ ላይ ደረቅ ወደቡ ከተሠራ በኋላ ነው እንግዲህ፣ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። መጨረሻ ላይ የምትፈርዱት ነገር ስላለ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔ ፈርጄ ፈርጄ ደክሞኛል።

ታላቂቱ ስንዱ ትባላለች፤ ዓይን ነበራት። ሰው ሁሉ ቆሻሻ ብሎ ያለፈውን ዕቃ እሷ ዞር ዞር ብላ አይታ «ይሄ እኮ ይሠራል» ትላለች፣ ይሠራልም። መካከለኛው ታረቀኝ እጅ ነበረው። በያጅ ነው፤ እሱ ያጋጠመውን ብረት መጋጠሚያውን በጣት ካልዳሰሱት አያገኙትም። ትንሹ ጥላዬ ጆሮ ነበረው። ሾፌር ነው፤ መኪና በሩቁ ሲያልፍ ሰምቶ «የዚህ ሰውዬ ኩሽኔታ ሊሄድበት ነው» ይላል፣ ሰውዬውም ብዙ ሳይርቅ መንገድ ዳር ቆሞ ይገኛል። ተረቱ የሦስቱም ነው፤ እናንተ ግን ታረቀኝን ጠጋ ብላችሁ ተከተሉት። ድንጋይ ውጦ የሚዞረው እሱ ነውና።

ነገሩን ያመጣችው ስንዱ ናት። መቂ፣ ሐይቁ ዳር፣ ገበሬው ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በሞተር ውሃ እየሳበ ነው የሚያጠጣው። ሞተሩ ሲሰበር በጋሪ ጭኖ ከተማ ይወስደዋል፤ ተጠግኖ እስኪመለስ ማሳው ይደርቃል። «ሞተሩ ወደ ጋራዥ ከሚመጣ» አለች ስንዱ፣ «ጋራዡ ለምን ወደ ሞተሩ አይሄድም?»

ወንድሞቿ ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም ያላቸውን ጣሉበት።

ስንዱ መናኸሪያ አጠገብ የነበራትን ሱቅ ለአንድ ነጋዴ ለቀቀችና በለውጡ አሮጌ ኮንቴይነር ወሰደች። ጎረቤት አፉን ይዞ ቀረ። «ኧረ ስንዱ! ሱቅ ሰጥቶ ቆርቆሮ?» አሏት። «ቆርቆሮስ የእናንተ ጣሪያ፤ ይሄ ባሕር የተሻገረ ነው» አለቻቸው።

ጥላዬ የደመወዝ ሥራውን ትቶ፣ ያጠራቀመውን አራግፎ፣ ክሬን የተገጠመላት አንዲት ያረጀች የጭነት መኪና ገዛ። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ እሱ ግን እያዳመጠ ያክማታል።

ታረቀኝ ደግሞ አባታቸው ትተውላቸው የሞቱትን የመንገድ ዳር ብየዳ ቤት አፈረሰ። ጀነሬተሩን፣ የብየዳ ማሽኑን፣ ሞርሳውን፣ መዶሻ ሳይቀር ኮንቴይነሩ ውስጥ አስገባ። መንገድ ሲያንገጫግጭ እንዳይወድቅ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር በየደ። ከዚያ ረጅሙን ጎን ቆርጦ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አወጣለት፤ ሲከፈት ለባለ ሞተሩ ጥላ ይሆናል። አቤት ሲያምር!

አሁን ልብ በሉ። የኮንቴይነር ጉልበቱ ያ የተሸበሸበው ግድግዳው ነው። እሱን ቆረጥህ ማለት ወገቡን ቆረጥህ ማለት ነው፤ የመስኮቱ ዙሪያ በወፍራም ብረት ካልታሰረ ሲነሣ ይታጠፋል። አባታቸው «የቆረጥኸውን ሳታስር ከሥራህ አትነሣ» ይሉ ነበር። ታረቀኝም ብረቱን ለካ፣ ቦታው ላይ አቆመ፣ እንዳይንቀሳቀስ እዚህም እዚያም በብየዳ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያዘው። ሙሉውን ሊበይድ ሲል ፀሐይ ጠለቀች። ቀኑ የሚካኤል ዋዜማ ነበር።

አባታቸው ሌላም ቃል ነበራቸው። አንድ ጊዜ በሚካኤል ቀን በርሜል ሲበይዱ ፈንድቶባቸው በተአምር ተርፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከዋዜማው ጀምሮ እሳት ላይለኩሱ ተሳሉ። ታረቀኝ ስለቱን ወርሷል። ስለዚህ ብየዳውን አቆመና ወደ ቤቱ ገባ። አንዱን የአባቱን ቃል ጠብቆ ሌላውን የአባቱን ቃል ተወው።

በበዓሉ ቀን ደግሞ መቀመጥ አቃተው። «ቀለም እኮ እሳት አይደለም» አለና ኮንቴይነሩን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀባው። ቀለሙ የተበየደውንም ያልተበየደውንም እኩል ሸፈነው። በማግስቱ ያየ ሰው ሁሉ «አለቀ!» አለ፤ ታረቀኝም ከሰው ጋር አብሮ «አለቀ» አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እኮ ወዶ አይደለም።

ያን ዕለት ከመቂ ስልክ ተደወለ፤ የአንድ ገበሬ ሞተር ቆሟል፣ ማሳው እየደረቀ ነው። ሰፈሩ ሊሸኛቸው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሽማግሌ መረቀ፣ ሴቶች እልል አሉ። ጥላዬ ሰንሰለቱን በአራቱም ማዕዘን አሰረና ክሬኑን ሳበ። ሰንሰለቱ ውጥር ሲል ታረቀኝ ትዝ አለው። ነጥቦቹ!

«ቁም!» ሊል አፉን ከፈተ። ሰዉን አየ፤ የሚያጨበጭቡትን፣ «የአባቱ ልጅ» የሚሉትን፣ ሱቋን የሰጠችውን እህቱን። ያን ሁሉ ሰው አቁሞ «አልጨረስኩትም» ማለት አሳፈረው። ይሉኝታ ያዘው። በሆዱ «መቂ ስደርስ እጨርሰዋለሁ» ብሎ አፉን ዘጋ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ኧረ ዝንቡስ በገባ ይሻል ነበር! ኮንቴይነሩ ተነሣ፣ መኪናዋ ላይ ተቀመጠ፣ ምንም አልሆነም። ታረቀኝን ያጠፋው ምንም አለመሆኑ ነው።

መቂ ላይ የጠሯቸው ሰው ኦቦ ነገዎ የሚባሉ የሽንኩርት ገበሬ ነበሩ። ጥላዬ ሞተሩን አዳምጦ በሽታውን ተናገረ፣ ታረቀኝ የተሰበረውን ሠራ፣ ስንዱ የጎደለውን ዕቃ ከየትም ብላ አመጣች። ውሃው ቦዩ ውስጥ መውረድ ሲጀምር ኦቦ ነገዎ ተንበርክከው ፊታቸውን ታጠቡበት። ወሬው ተሰማና ገበሬው በጋሪ፣ በትከሻ፣ በባጃጅ ሞተሩን እያመጣ ተሰለፈ።

ታረቀኝ በየጠዋቱ መስኮቱን ያየዋል። «ዛሬ እበይደዋለሁ» ይላል። ግን ለመበየድ ቀለሙን መፋቅ ሊኖርበት ነው፤ ሲፍቀው ጥላዬ መጥቶ «ይሄ አልተበየደም እንዴ?» ሊለው ነው። ትንሽ ወንድሙ ፊት ማፈር ሞት መሰለው። ሥራም በዛ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን እያወቀ ዛሬን ለነገ አሳለፈው።

ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰፈር ጠራቸው። ሊነሡ ሲሉ ኦቦ ነገዎ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ተሸክመው መጡ። «የእናንተው ነው፣ እናንተ ናችሁ ያጠጣችሁት» አሉ። ኮንቴይነሩ ከመሬት ተነሥቶ ወደ መኪናዋ እየዞረ ነው። ጥላዬ «ገለል ይበሉ!» ብሎ ጮኸ፤ እሳቸው ጆንያውን መኪናዋ ጥግ ላኑር ብለው ጠጋ አሉ። ብረቱ ጧ አለ። የመስኮቱ ድጋፍ ተነቅሎ ወጣ፣ የኮንቴይነሩ ወገብ ታጠፈ፣ አንዱ ማዕዘን ተከፈለ፣ ሰንሰለቱ አመለጠ። ሽንኩርቱ ሜዳውን ሞላው። ኦቦ ነገዎ ከብረቱ ሥር ነበሩ።

ከሦስቱ ማንም ቆሞ አላየም፤ ይህንንም መዝግቡልኝ። ጥላዬ ክሪኩን ይዞ፣ በሌላው ሰንሰለት ገና የተንጠለጠለው ብረት ሥር ደረቱን ሰጥቶ ገባና ቀና አደረገው። ታረቀኝ መቁረጫውን አስነሥቶ እግራቸውን የያዘውን ብረት ሥጋቸውን ሳይነካ ቆርጦ አወጣቸው። ስንዱ መንገድ መሃል ቆማ መኪና አስገድዳ አስቆመች፣ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው፣ እስኪወጡም ከአልጋቸው ሥር አልተነሣችም። ነፍሳቸው ተረፈች። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ቀረ።

ኦቦ ነገዎ በምርኩዝ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሦስቱ እንደ አገሩ ደንብ ሽማግሌ ለምነው ግቢያቸው ቀረቡ። የኮንቴይነሩን ቁልፍ ሽማግሌዎቹ ፊት በተነጠፈው ቁርበት ላይ አስቀምጠው «ጉማዎ፣ የእግርዎ ካሣ ይሁን፣ ይውሰዱት» አሉ።

«ልጆቼ፣ ብረት ቤት ምን ላደርገው ነው? ሽንኩርት አልዘራበት!» አሉ ኦቦ ነገዎ። «አቃንታችሁ ሥሩበት፤ ሞተሮቹ ያው ይሰበራሉ።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሦስት ሰው የያዘው ገመድ ሲበጠስ ሦስቱም እኔ አይደለሁም ይላል። አንድ ባለቤት ይኑረው። ባለቤቱ በየበጋው እዚህ ይሥራ፣ የኦቦ ነገዎን ማሳ እንደ ማሳው ያጠጣ። የቀሩት ሁለቱ እጃቸውን ያንሡ። አሁን በዚህ ነገር ንጹሕ የሆነው ማነው? እሱ ይውሰደው።»

ሱቅ የለ፣ ብየዳ ቤት የለ፣ ደመወዝ የለ። ያጣው ሰው ባዶ እጁን እንደሚቀር ሦስቱም ያውቁታል።

ቀድማ ስንዱ ተነሣች። «እኔ አይደለሁም» አለች እያለቀሰች። «ስወስደው አንዱ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ፤ በስቱኮ ደፍነው ቀብተውት ነበር። ለታረቀኝ ብነግረው አይነካውም ብዬ ፈራሁ። ሱቄን ሰጥቼ ነበራ! እግርዎን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ጥላዬም ብድግ አለ። «የለም እትዬ፣ እኔ ነኝ። ሞጆ ላይ ሳነሣው ብረቱ ሲጥ ሲል ሰምቻለሁ። እዚህም ሳነሣው ሰማሁ፣ በረታ ያለ ድምፅ። ማንሻው በእጄ ነበር። የሚጠብቁን ሰዎች አሉ ብዬ ብረቱ ይችላል አልኩና ሳብኩ።»

ሁሉም ዞሮ ታረቀኝን አየ።

ታረቀኝ ምን ተሰማው? እፎይ አለ። አዎ፣ እፎይ! ስንጥቁ ነዋ፤ ድምፁን የሰማው ነዋ። የኔ ነጥቦች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ማን ያውቃል? ቀለም ስለሸፈነው ያየ የለም። ዝም አለ። ሽማግሌው ዝምታውን አይተው ቁልፉን አነሡና እጁ ላይ አኖሩት። ስንዱ አቅፋ ሳመችው። «እንኳንም አንተ ንጹሕ ሆንክ» አለችው። ኦቦ ነገዎ በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይሄ እጅ ይባረክ» አሉ። «ከብረት ሥር ያወጣኝ ይሄ እጅ ነው።»

ያን ጊዜ አልቻለም። እግራቸው ሥር ቁጭ አለ፤ እግራቸው ነበር ከሚባለው ቦታ።

«አባባ» አለ፣ «ከብረቱ ያወጣዎትም፣ ብረቱን የጣለብዎትም ይሄው እጅ ነው።» ነጥቦቹን፣ ዋዜማውን፣ ቀለሙን፣ ሞጆ ላይ ከፍቶ የዘጋውን አፉን፣ መቂ ላይ በየጠዋቱ ያሳለፈውን፣ ሁሉንም ተናገረ። እህቱና ወንድሙ ሲናዘዙ እፎይ ማለቱን ሳይቀር ተናገረ። ቁልፉንም መልሶ ቁርበቱ ላይ አስቀመጠ።

ኦቦ ነገዎ «አንተንም እግዜር ይማርህ» ብቻ አሉ፤ እጁን ግን መልሰው አልያዙትም።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ «ለስንዱ ይገባል» ይላል፤ ሐሳቡም የእሷ ነው፣ ሳትጠየቅ ቀድማ የተናገረችም እሷ ናት። «ያንን ስንጥቅ ስታየው ብትናገር እኮ ኮንቴይነሩ ከነአካቴው አይመጣም ነበር!» ይለዋል ጎኑ ያለው። ሌላው «ለጥላዬ» ይላል፤ በወደቀ ብረት ሥር ነፍሱን ሰጥቶ የገባ ልጅ ነው። «ሁለቴ ሰምቶ፣ ማንሻው በእጁ እያለ?» ይሉታል። ሦስተኛው «ለታረቀኝ» ይላል፤ ሁለቱ ሲናገሩ የሚያጡት ነገር በእጃቸው አልነበረም፣ እሱ ግን ቁልፉን ጨብጦ ነው የተናገረው። «ምርቃቱ ባያቃጥለው ይናገር ነበር ወይ?» ይሉታል ደግሞ፤ ይህን ታረቀኝ ራሱ እንኳ አያውቀውም።

ሦስቱም ወደ ቁልፉ አላዩም። እኛ ይገባኛል ብሎ የሚጣላ ወንድማማች ነው የለመድነው፤ እነዚህ አይገባኝም ብለው ተቀምጠዋል። በዚህ መሃል አንድ ገበሬ የተሰበረ ሞተር በጋሪ ጭኖ ግቢው በር ላይ ደረሰ። «ጠጋኞቹ እዚህ ናቸው አሉኝ፤ ቲማቲሜ እያለቀ ነው» አለ። ታረቀኝ ሞተሩን አየ፤ እጁ ተንቀሳቀሰ፤ መልሶ ጉያው ውስጥ ከተተው።

ሌላ ተረት ቢሆን አፌን በዳቦ አብሱልኝ ብዬ እነሣ ነበር። ዛሬ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ፍርድ ነው የምፈልገው። አንዷ አይታ ዝም አለች፣ አንዱ ሰምቶ ዝም አለ፣ አንዱ አውቆ ዝም አለ። ገበሬው በር ላይ ቆሟል፣ ቁልፉ ቁርበቱ ላይ ነው። ለማን ይገባል? በሉ ተናገሩ፤ እናንተም ዝም እንዳትሉኝ ብቻ።