መንትያዎቹ ኮምፒውተሮች

በእኛ ከተማ ስለ ጎረቤቱ አብዝቶ የሚያወራ ሰው ሲገኝ አንዱ ጣልቃ ይገባና «ሰውዬ፣ ዛሬ ደጅ ልታድር ነው?» ይለዋል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግራ ይገባዋል። ይህ አባባል የአንድ ረዘም ያለ ተረት ጅራት ነው፤ ጅራቱን ሁሉም ሰው ይዞ ይጎትታል፣ ራሱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ሲወለድ አጠገቡ ነበርኩ።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዱ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። በግራዬ ትርንጎ፣ በቀኜ የሺመቤት ነበሩ። ሁለቱም ማመልከቻ፣ ክስና ይግባኝ በኮምፒውተር የሚጽፉ ሴቶች ናቸው። ግድግዳችን ከስስነቱ የተነሳ በአንዱ ሱቅ ሲነጠስ በሁለተኛው «ይማርሽ» ይባላል። ትርንጎ ብቻ የሺመቤት ስታስነጥስ ዝም ትል ነበር።

ኮምፒውተሮቻቸውን የገዙት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነጋዴ ነው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች፣ በአንድ ባጃጅ ተጭነው መጡ። ለአንድ ዓመት ያህል እኩል ሠሩ። ከዚያ የትርንጎ ማዝገም ጀመረ። ጠዋት አብርታው ሄዳ፣ ቁርሷን በልታ ስትመለስ ገና ሲከፈት ታገኘዋለች። ቁልፉን መታ አድርጋ ጣቷን ካነሳች በኋላ ፊደሉ እንደ ሙሽራ ተለምኖ ተለምኖ ነው የሚወጣው። ከእኔ ወዲያ ባለው ሱቅ ግን የየሺመቤት ቁልፎች በረዶ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ይንጣጣሉ።

ትርንጎን የሚገድላት ድምፁ ነበር። «ስማ ደርበው፣ አሁን ሦስተኛው ገጽ ገባች» ትለኛለች። ከድምፁ ብቻ የሰው ገጽ ትቆጥራለች። እሷ ስትቆጥር የራሷ ደንበኛ ሰዓቱን አይቶ ይነሳና ይሄዳል። የት እንደሚሄድ መናገር አያስፈልገኝም።

የሺመቤት ስትጽፍ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው፤ ቁልፎቹን አታይም። ትርንጎ ይህን ኩራት ትለዋለች። አሥር ሰዓት ሲሆን የሺመቤት ሱቋን ትዘጋለች፤ ደንበኛ ቢለምናት እንኳ አትቆይም። ይህንን ደግሞ ጥጋብ ትለዋለች። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ እኔም ትንሽ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር። እኔ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በማሽኑ ቀለም በቶነር ጠቁሬ ስቀመጥ፣ ሰው በአሥር ሰዓት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሄድ ደስ አይልም። በእኔ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ማንም ቀንቶ አያውቅም፤ እሱም ሌላው ሕመሜ ነው።

አሁን ኋላ ያወቅኩትን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሺመቤት የማተሚያ ቀለም ሲያልቅባት ደንበኞቿን ፍላሽ አስይዛ ወደ ትርንጎ ትልካለች። ትርንጎ ታትምላቸዋለች፤ ግን ፍላሹ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ራሷ ኮምፒውተር ገልብጣ ነው የምትመልሰው። የየሺመቤት ማመልከቻ የዳኛ አንጀት ይበላል ይባል ስለነበር ምስጢሩን ልታገኘው ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ ትላለች፤ አታነበውም፣ ትከምረዋለች። ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም አብሮ ይገባል። እንዲህ አድርጋ አራት ዓመት ከመረች።

ኑረዲን የሚባል ጠጋኝ አለን፤ ድሮ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣ የመነጽሩን እግር በክር ያሰረ ሰው። ተጠራና መጣ።

«ከፍቼ ልየው፤ ዕቃ ሳይበዛበት አይቀርም» አላት።

«ከላይ ከላይ እየው። ውስጡን አትንካብኝ።»

«በሽተኛው ልብሱን ካላወለቀ ምኑን አያለሁ?»

እሺ አላለችም። ስለዚህ አቧራውን ነፋለት፣ ማራገቢያውን አጸዳለት፣ ራም የሚባለውን ማስታወሻ ጨመረለት። ለሁለት ቀን ፈጠነ፤ በሦስተኛው ወደ አመሉ ተመለሰ። እሷም በራሷ ጊዜ በፊተኛው የቫይረስ መከላከያ ላይ ሌላ ሁለተኛ ጫነችበት። «ሁለት ዘበኛ አይሻልም?» አለችኝ። ሁለቱ ዘበኞች ሌባውን ትተው እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ዋሉ፤ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ተኛ። ጠበል ረጨችበት ያሉም ነበሩ። ውሸት ነው፤ ጨርቅ በጠበል አርሳ ወለወለችው እንጂ አልረጨችበትም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ያዛት፤ ነጋዴው ደህናውን ለየሺመቤት፣ ድኩሙን ለእሷ ሰጥቷል። ይህ ከገባት በኋላ ምግብ አልበላ አላት። አንድ ጠዋት ተነስታ የየሺመቤት በራፍ ላይ ቆመች፤ እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ብቅ አልኩ።

«የሺ፣ እንቀያየር» አለቻት።

«ምን?»

«ኮምፒውተሩን። ያንቺን ስጪኝ፣ የኔን ውሰጂ።»

የሺመቤት ወደ ድምፁ ዞረች። «ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ እህቴ?»

«አንድ ከሆኑ ምን ቸገረሽ?»

«የኔ ደህና ነዋ። ያንቺ ያመዋል ይላሉ።»

«እንግዲያው ላሚኔት ማድረጊያዬን እጨምርልሻለሁ።»

ደነገጥኩ። መታወቂያና የልደት ወረቀት በፕላስቲክ የሚሸፍን ማሽን በመንገዱ ሁሉ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። «ትርንጎ፣ ኧረ ተይ» አልኳት።

«አንተ ኮፒህን አንሳ» አለችኝ።

የሺመቤት ትንሽ አሰበች። «ማሽንሽ ይቅርብኝ። እንዲሁ እንቀያየር» አለች።

«አይሆንም። ማሽኑን ካልወሰድሽ ነገ መልሺ ልትይኝ ነው።»

«ከቆረጥሽ ይሁን እንግዲህ። ላንቺ እምቢ ማለት አልችልም» አለች የሺመቤት። ለምን እንደዚያ እንዳለች ያን ጊዜ አልገባኝም። ትርንጎ ግን አሸናፊ ሆና ወጣች።

በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያለውን ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ኑረዲን ነው። ትርንጎ ከጀርባው ቆማ «አንድም ሳታስቀር፣ አንድም ሳታይ» አለችው።

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

«እንዳለ ካሻገርኩት በሽታውም አብሮ ይሻገራል፣ ትርንጎ።»

«እሷ ናት ይህን በል ያለችህ?»

ኑረዲን መነጽሩን አስተካከለና እንዳለ አሻገረላት። የቀድሞውን የትርንጎን ኮምፒውተር ደግሞ ባዶ አድርጎ ጠርጎ፣ የየሺመቤትን ጥቂት ሰነዶች ጫነበት።

ሳምንት አልሞላም። በቀኜ በኩል በረዶው እንደ ገና መውረድ ጀመረ፤ በግራዬ ሙሽራዋ እንደ ገና ትለመናለች። ትርንጎ የጣለችው፣ የረገመችው፣ በጠበል የወለወለችው ያ ኮምፒውተር በሌላ ሴት እጅ ይሮጣል። «አስደግማበታለች» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ሳያት ግን ተወኝ።

ነገሩ የፈነዳው በሐምሌ ማለቂያ፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት እረፍት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጋሼ ይማም የሚባሉ የትርንጎ የቆዩ ደንበኛ ከገጠር መጡ። የአጎታቸው ልጅ ሁለት ጥማድ መሬታቸውን በፍርድ ወስዶባቸዋል፤ የይግባኙ ቀን የሚያበቃው ያን ዕለት ነው። ጠበቃቸው በእጁ የጻፈውን አምስት ገጽ ይዘው ገቡ። ትርንጎ ከጠዋት ጀምራ ስትታገል ውላ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ጨረሰች። አትም ብላ ስታዘው ኮምፒውተሩ «በቂ ቦታ የለም» ብሎ ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ አላለቀም?» አሉ ጋሼ ይማም።

«አልቋል ጋሼ። አልወጣ ብሎኝ ነው።»

«ካልወጣ ምኑ አለቀ?»

ፍላሽ ላይ ልትገለብጠው ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ አልነቃ አለ። መዝገብ ቤቱ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ጀምሯል። ኑረዲንን በስልክ ጠራሁትና፣ ከበሩ ወጥቼ የሺመቤት ሱቋን ስትቆልፍ ደረስኩባት። የጠበቃውን ጽሑፍ ሰጥቻት እንደ አዲስ እንድትጽፈው ለመንኳት። ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠጋችው፣ ወደ ሰማይም አነሳችው፣ ከዚያ መለሰችልኝ።

«አልችልም ደርበው። ነገ ጠዋት ይሁን።»

«ነገማ ቀኑ ያልፋል።»

«አልችልም አልኩህ።»

ትርንጎ ከበራፏ ሰማቻት። «አያችሁ?» አለች። «የሽማግሌ መሬት ሲሄድ እያየች ቁልፏን ታንጠለጥላለች። ጥጋቧን እዩልኝ።» የሺመቤት በትርንጎ ሱቅ ጣሪያ ጥግ ከዝናቡ ተጠልላ ቆመች።

ኑረዲን በዝናብ ርሶ ደረሰ። «ዛሬስ ልብሱ ይወልቃል» አለ። ትርንጎ ጋሼ ይማምን አየቻቸው፤ እሳቸው የፍርድ ቤቱን በር ያያሉ። «ክፈተው» አለችው።

ኮምፒውተሩን እንደ ምንም አስነስቶ ከፈተው። ሲያነብ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው፣ የሬዲዮ ልማድ ይሆናል። «‹የሺ አንድ›፣ ‹የሺ ሁለት›፣ ‹የሺ ሦስት› . . . እስከ ‹የሺ ሠላሳ ሰባት›። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ትርንጎ፣ እዚህ ቤት ያንቺ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም።» አንዱን ከፈተና ቀጠለ። «‹ለዓይን ሕክምና ክፍል። እኔ አመልካች የሺመቤት ደምሴ፣ የቀኝ ዓይኔ ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግራው ቀን ቀን ቢረዳኝም ብርሃን ሲቀንስ . . .›»

እዚህ ላይ ኑረዲን አፉን ዘጋ። የቀረውን ትርንጎ በዓይኗ ጨረሰችው፤ እኔም ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። እንጀራዋ ጽሕፈት ስለሆነ ቁልፎቹን በጣቷ እንደ ለመደች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ስለማይታያት በአሥር ሰዓት ሱቋን እንደምትዘጋ፣ ደንበኛ እንዳይሸሻት ለሰው እንዳልተናገረች ይላል። ቀኑ ያለፈው ዓመት የጥር ወር ነው። ደብዳቤው አንድ ዓመት ተኩል በትርንጎ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል።

«ቀለም ያለቀብኝ ቀን ነው» አለች የሺመቤት ከበራፉ። «አንቺ ነሽ ያተምሽልኝ። አንብበሽ፣ አዝነሽልኝ፣ ለማንም ያልተናገርሽብኝ መስሎኝ ይኸው እስከ ዛሬ ሳመሰግንሽ ነበር። እንቀያየር ስትይኝም እምቢ ያላልኩሽ ለዚያ ነው።»

ትርንጎ ወደ በሩ አልዞረችም። አንገቷ ግን ሲቀላ አየሁት።

«ልሰርዘው?» አለ ኑረዲን ቀስ ብሎ።

«እኔው ልሰርዘው» አለች። ሠላሳ ሰባቱንም አንድ ላይ ይዛ ሰረዘች፤ አትም ብላ አዘዘችው። አሁንም ቦታ የለም አለ።

«ቅርጫቱ ውስጥ ናቸው» አላት ኑረዲን። «የተጣለ ዕቃ ከቤት ካልወጣ ያው ቦታ ይይዛል። ቅርጫቱንም ባዶ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።»

ጣቷ እዚያው ቆመ። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ይላል። አራት ዓመት የለቀመችው ነው፤ ለካ አላስፈላጊ ነገርም ሲለቀቅ ያማል።

«ቀንቼብሽ ነው፣ የሺ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «በምን እንደ ቀናሁ እንኳ ሳላውቅ ቀናሁብሽ።» ይህን ብላ ተጫነችው።

ማተሚያው አጓራ። አምስቱ ገጾች ተከታትለው ወጡ፤ ትኩሳቸውን ተቀብዬ ኮፒያቸውን አነሳሁ። ጋሼ ይማም ወረቀቱን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በዝናቡ ውስጥ እንደ ጎረምሳ ሮጡ።

ሲመለሱ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃቸው ነበር። ዝናቡ ግን ገና አላባራም። ኑረዲን ሁለቱን ዘበኞች ሊያስወጣ፣ ቫይረሱንም ሊጠርግ ኮምፒውተሩን ፈታትቶ የትርንጎን ጠረጴዛና ወንበር በዕቃ ሞልቶታል። ትርንጎ ከውጭ ጣሪያው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የሺመቤት አጠገቧ ናት፤ ዝናቡ ሲያባራ ትርንጎ እጇን ይዛ ቤቷ ልታደርሳት ነው። ድንገት የሺመቤት አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አለች ትርንጎ።

ጋሼ ይማም መጀመሪያ ሱቁን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ሴቶች አዩ። ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«ምነው ልጄ፣ ቤት እያለሽ ደጅ?» አሏት ትርንጎን።

«ውስጡ ሞልቶ ነው ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አብሽሪ» አሉ ሽማግሌው፣ ከጎኗ ባለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው እየተቀመጡ፤ «የጎረቤት ዕቃ የሞላው ቤት ባለቤቱን ደጅ ያሳድራል።»